ተጠየቅ የማይባል ምስክር

ጥንት ከብት ወይም ዕቃ ጠፍቶ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። ሌባ ሻዩ አንድ ለጋ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁን የተቀመመ መድኃኒት ያጠጣዋል፤ ወገቡን በመቀነት አስሮ ጫፉን በእጁ ይይዛል። ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ በየደጁ ይዞራል፤ መንደርተኛው ትንፋሹን ውጦ ይከተለዋል፤ በመጨረሻ ከአንዱ ቤት ገብቶ ይወድቃል። የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። የጠፋውን ይከፍላል።

ልማዱ ኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ፤ ዛሬ ሲወራ ያስቃል። እኔ ግን ረጋ ብዬ ሳስበው ሳቄ ይጠፋብኛል። በሌባ ሻይ ያመኑት ሰዎች ቂሎች አልነበሩም። የመንደር ምስክር ምን እንደሚመስል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ በድንበር የተጣላ፣ በርስት የተካሰሰ፣ ለዘመዱ የሚያደላ፣ መማለጃ የሚቀበል። ልጁ ግን ቂም የለውም፤ ርስት አይከራከርም፤ ያለበትን እንኳ አያውቅም። የሚመሰክረው እሱ ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። መድኃኒት ደግሞ ለማን ብሎ ያደላል? ዛሬ ኮምፒዩተርን በችሎት ፊት ለምን እንደምናምን ጻፉ ብንባል ከዚህ የተለየ ብዙ የምንጽፈው ያለን አይመስለኝም።

በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን ሌላ የፍርድ ልማድም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው በአደባባይ ይሟገታሉ። «ተጠየቅ!» ይላል አንዱ፤ «በላ ልበልሃ!» ይላል ሌላው። የተናገረ ይጠየቃል፤ የጠየቀም ተራው ሲደርስ ይጠየቃል። ዳኛው ብቻ ሳይሆን መንገደኛውም በትሩን ተደግፎ ይሰማል። ይህን ልማድ አላሞካሸውም። አፈ ጮሌ ይረታበት፣ ድሃ ደጅ ሲጠና ይከርምበት፣ ሴት በራሷ አፍ የምትናገርበት ጊዜ ጥቂት የነበረ ሸንጎ ነው። ሆኖም ሰውን የሚያስቀጣ ቃል ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱም ፊቱን አሳይቶ ይቆማል። በሌባ ሻይ ቤት ግን ቃሉ ባለቤት የለውም። ልጁን ብትጠይቁት አያስታውስም፤ መድኃኒቱን ብትጠይቁት አይናገርም፤ ሌባ ሻዩን ብትጠይቁት «እኔ መቀነቱን ነው የያዝኩት» ይላችኋል።

የመረጃ ቴክኖሎጂ የወንጀል ፍትሕን እየለወጠ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ፍጥነት ነው። መዝገብ ቶሎ ይገኛል፣ ቀጠሮ ያጥራል፣ ዶሴ አይጠፋም። ይህ መልካም ነው፤ በሩቅ ክልል ያለ ይግባኝ ባይ አዲስ አበባ ድረስ ሳይንከራተት በፕላዝማ ቃሉን ሲያሰማ የሚከፋው ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ የፍጥነቱ ነገር አይደለም። ከሁለቱ ልማዶች ወደ የትኛው እየተመለስን ነው?

ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየው በእንግሊዝ ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት በየመንደሩ የራሱን ቢሮ አይከፍትም፤ ሱቅ ያለውን ሰው በውል ቅርንጫፍ ያደርገዋል። ባለሱቁ ከጋዜጣውና ከሻይ ቅጠሉ ጎን ቴምብር ይሸጣል፣ ለጡረተኛ ይከፍላል። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእነዚህ ሰዎች ሒሳብ ሁሉ ሆራይዘን ወደተባለ፣ የፉጂትሱ ኩባንያ ወደሚያስተዳድረው የኮምፒዩተር ሲስተም ገባ። ብዙም ሳይቆይ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘብ ይጎድል ጀመር። ውሉ ደግሞ ጉድለቱን ከኪስህ ሙላ ይላል። ብዙዎች ሞሉ፤ ከዘመድ ተበደሩ፣ ቤታቸውን አስያዙ። መሙላት ያቃታቸው ተከሰሱ። ፖስታ ቤቱ ራሱ መርማሪ፣ ራሱ ከሳሽ ነበር። ባለሱቆቹ ለእርዳታ ሲደውሉ ለብዙዎቹ የሚሰጣቸው መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ።

እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበር ወይም በሐሰተኛ ሒሳብ አያያዝ ጥፋተኛ ተባሉ። ከእነሱ ውስጥ ያላጠፉትን አጠፋን ያሉ አሉ፤ ከባዱ ክስ እንዲነሳላቸው ቀላሉን አመኑ። እዚህ ላይ ሕጉ ምን አድርጎ እንደነበር ማየት ግድ ይላል። በ1984 የወጣው ሕግ ከኮምፒዩተር የወጣ ሰነድ በማስረጃነት ተቀባይነት እንዲያገኝ አቅራቢው ኮምፒዩተሩ በትክክል ይሠራ እንደነበር እንዲያስረዳ ያስገድድ ነበር። ይህ ድንጋጌ በ1999 በወጣ ሌላ ሕግ ተሻረ። የሻሩት ሰዎች ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም። ኮምፒዩተር በየቢሮው ገብቷል፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት ባለሙያ ይጠራ ቢባል ችሎት አይንቀሳቀስም። በቦታው የቀረው ለሰዓትና ለትራፊክ መብራት ሲሠራበት የኖረው የቆየ የሕግ ግምት ነው፤ መሣሪያ ተቃራኒው እስካልታየ ድረስ በደህና እንደሚሠራ ይቆጠራል።

ተቃራኒውን የሚያሳየው ታዲያ ማነው? ተከሳሹ። በምን ያሳያል? በከሳሹ እጅ ባለ መረጃ። ሆራይዘን ወደ መንደር የወጣውና የማስረዳት ሸክሙ ከከሳሽ ትከሻ ወደ ተከሳሽ ትከሻ የዞረው በአንድ ሰሞን ነው። ሁለቱን ነገሮች ያገጣጠመ ሴረኛ አልነበረም። እኔ ሴረኛ ቢኖር ይሻል ነበር እላለሁ፤ ሴረኛ ቢያንስ ተጠየቅ ይባላል።

በ2010 አንዲት ነፍሰ ጡር በዚህ ክስ 15 ወር ተፈርዶባት ወኅኒ ወረደች። ጠበቆቿ የሲስተሙ መረጃ ይቅረብልን እያሉ ደጋግመው ጠይቀው ነበር፤ የጠየቁት ሁሉ አልተሰጣቸውም። ከፍርዱ በኋላ ከፖስታ ቤቱ ጠበቆች አንዱ ለባልደረቦቹ ኢሜይል ጻፈ። ኢሜይሉ ከዓመታት በኋላ ጉዳዩን እንዲያጣራ በተቋቋመው ጉባኤ ፊት ሲነበብ የተሰማው ደስታ ነው፤ ይህ ፍርድ ሌሎቹ ተከሳሾች በሆራይዘን ላይ እያሳበቡ እንዳይከራከሩ ያደርጋል የሚል። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህን አስበልጬ እፈራዋለሁ። ሲስተሙ መሳሳቱ ብርቅ አይደለም፤ ያልተሳሳተ ሶፍትዌር ማን አይቶ ያውቃል? ጥያቄ ማንሣቱ ራሱ ቅጣት የሚያከብድ ድፍረት ሆኖ መቆጠሩ ግን ሌላ ነገር ነው።

በ2019 አለን ቤትስ የተባለው የቀድሞ ባለ ፖስታ ቤት የመራቸው 555 ሰዎች በፍትሐ ብሔር ረቱ። ችሎቱ ሆራይዘን ስሕተት እንደነበረበት፣ ይባስ ብሎም የፉጂትሱ ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው የቅርንጫፎችን ሒሳብ መንካት ይችሉ እንደነበር አረጋገጠ። በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤት 39 ሰዎችን በአንድ ቀን ነጻ አለ። በ2024 ጥር ታሪኩ በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ቀርቦ አገር ከተቆጣ በኋላ ፓርላማው በግንቦት ልዩ ሕግ አውጥቶ የቀሩትን ፍርዶች በጅምላ ሰረዘ። ፍርድ ቤት የፈረደውን ፓርላማ በጅምላ የሚሽርበት አገር መሆን ለእንግሊዞች ቀላል አይደለም። በ2025 የወጣው የአጣሪው ሪፖርት በዚህ ነገር ሳቢያ ቢያንስ 13 ሰዎች ራሳቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ ጽፏል። ለእነሱ የሚሰረዝላቸው የለም።

ሆራይዘን ያለፈውን ነበር የሚመሰክረው። አሜሪካኖች ደግሞ ስለ ነገ የሚመሰክር አላቸው። ኮምፓስ ይባላል፤ ተከሳሹ ስለ ራሱ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጓደኞቹ የሚሞላቸው ከመቶ በላይ ጥያቄዎች አሉት፤ ከመልሶቹና ከወንጀል መዝገቡ ተነሥቶ ሰውየው እንደገና ወንጀል የመሥራቱን ሥጋት ከ1 እስከ 10 ባለ ቁጥር ያስቀምጣል። በዊስኮንሰን ሉሚስ የተባለ ተከሳሽ ስድስት ዓመት ሲፈረድበት ዳኛው ከጠቀሷቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቁጥር ነበር። ሰውየው ቁጥሩ እንዴት እንደተሰላ ልወቅ አለ። ቀመሩ የኩባንያው የንግድ ምስጢር ነው ተባለ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ዳኛ በዚህ ቁጥር ብቻ እስካልወሰነ፣ ከቁጥሩም ጋር የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እስካለ ድረስ መጠቀም ይቻላል ሲል ወሰነ። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዓመቱ ጉዳዩን አልመለከትም አለ። ማስጠንቀቂያው ምን ይጠቅማል? «ይህ ቁጥር 9 ነው፤ ነገር ግን 9 መሆኑን ብዙ አታስብበት» ተብሎ የተነገረው ዳኛ 9ን ከራሱ ውስጥ የሚያወጣበት መንገድ አይታየኝም።

ቁጥር በራሱ ጠላቴ አይደለም። የእኛም ዳኞች በቁጥር ነው የሚቀጡት። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. መጀመሪያውን፣ በ2006 ዓ.ም. ሁለተኛውን የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ካወጣ ወዲህ ወንጀሉ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከደረጃው እርከን ይገኛል፣ ማክበጃ ካለ ወደ ላይ፣ ማቅለያ ካለ ወደ ታች ይቆጠራል። አንዳንድ ዳኛ ሕሊናችንን በሰንጠረዥ ለወጡት ብሎ አጉረምርሟል፤ ቅሬታው እውነት አለው። ግን ሰንጠረዡ ታትሟል። ተከላካይ ጠበቃው ገልጦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ የዘወትር ጠባዩ መልካም ነበር፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፤ አንድ እርከን ይቀነስለት» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ይቃወማል። ዳኛው ለምን እንደቀነሰ ወይም እንዳልቀነሰ ይጽፋል፤ የጻፈው ይግባኝ ይባልበታል። ኮምፓስና የእኛ ሰንጠረዥ ሁለቱም ቁጥር ናቸው፤ አንዱ ተጠየቅ ይባላል፣ ሌላው አይባልም። ልዩነቱ በቴክኖሎጂው ረቂቅነት ላይ አይደለም ያለው።

ቀመሩ ቢገለጥ እንኳ ነገሩ አይዘጋም። በ2016 ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም በፍሎሪዳ ብራዋርድ ካውንቲ ከ7,000 በላይ ሰዎች የተሰጣቸውን ቁጥር ከዚያ በኋላ ካደረጉት ጋር አስተያየ። ዳግመኛ ወንጀል ካልሠሩት ሰዎች መካከል ጥቁሮቹ ከነጮቹ እጥፍ በሚጠጋ መጠን አስጊ ተብለው ነበር። ኩባንያው መለሰ፦ አስጊ ካልናቸው ጥቁሮችና አስጊ ካልናቸው ነጮች እኩል ያህሉ ደግመው አጥፍተዋል፤ ታዲያ አድልዎው የቱ ላይ ነው? ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በዚያው ሰሞን ተመራማሪዎች በሒሳብ እንዳሳዩት፣ የሁለቱ ወገኖች ዳግም የመያዝ መጠን ከመነሻው የተለያየ ከሆነ ሁለቱን ዓይነት እኩልነት በአንድ ጊዜ ማሟላት አይቻልም። አንዱ መመረጥ አለበት። ይህ ምርጫ የፍልስፍና ነው፣ የፖለቲካም ነው፤ ሺህ ዓመት ሸንጎ ቢያከራክር የማይበዛበት። የተመረጠው ግን በአንድ ኩባንያ ቢሮ ውስጥ ነው፤ መራጮቹም እንደመረጡ ያወቁ አይመስለኝም።

ፊት የሚለየውንም መሣሪያ በአጭሩ ላንሣው። በ2018 አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ የታዋቂ ኩባንያዎችን ፕሮግራሞች ፈተሹ፤ ፊት አይቶ ወንድ ነው ወይስ ሴት የሚለውን በመለየት ብቻ ፕሮግራሞቹ በነጭ ወንዶች ላይ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ሲሳሳቱ፣ በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ስሕተታቸው እስከ 34.7 ከመቶ ደረሰ። በ2020 የዲትሮይት ፖሊስ በዚህ ዓይነት መሣሪያ ጥቆማ አንድ ጥቁር አባወራ ሚስቱና ልጆቹ እያዩ በሰዓት ስርቆት ጠርጥሮ አሰረ። ሰውየው በምርመራ ክፍል የሌባውን ፎቶ አንሥቶ ከፊቱ አጠገብ ያዘ። ማንም የሚያይ ዓይን ልዩነቱን ያያል። ከመታሰሩ በፊት ግን ያየ አልነበረም፤ መሣሪያው አይቷልና።

አሁን አንድ ብልህ አንባቢ የሚያነሣውን ላንሣ። የሰው ምስክርስ? ሰው አይደለም እንዴ በሐሰት ሲያሳስር የኖረው? እውነት ነው። በአሜሪካ በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ከወጡት እስረኞች ከግማሽ በላይ ያሰራቸው በዓይኔ አየሁት ያለ ምስክር ነው። በእንግሊዝ ሌስተርሻየር ሁለት ልጃገረዶች ተደፍረው በተገደሉበት ጉዳይ አንድ ወጣት በ1986 አንደኛዋን ገድያለሁ ብሎ አምኖ ነበር። አሌክ ጄፍሪስ የተባለው ሳይንቲስት አዲስ ባገኘው የዲኤንኤ ዘዴ ሲመረምር ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው መሆኑንና ያም ሰው ያመነው ወጣት አለመሆኑን አገኘ። ቴክኖሎጂው በወንጀል ጉዳይ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ማሰር ሳይሆን መፍታት ነው፤ ያውም ከገዛ አፉ ከወጣ ቃል። በ2020 ደግሞ ሚኒያፖሊስ ላይ የአንዲት የ17 ዓመት ልጅ ስልክ ባይቀርጽ ኖሮ፣ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ መጀመሪያ መግለጫ እንደተጻፈው ታሞ የሞተ ሰው ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ክርክሬ የሰውና የመሣሪያ አይደለም። ዲኤንኤ የታመነው መሣሪያ ስለማይዋሽ አይደለም። ናሙናው ሲከፈል ግማሹን የተከሳሽ ወገን ወደ ራሱ ላቦራቶሪ ወስዶ ሊያስመረምረው ይችላል፤ መርማሪው ችሎት ቀርቦ ጓንት ለብሰህ ነበር ወይ፣ ጠርሙሱ ስንት ቀን ክፍት ቆየ ይባላል። የልጅቷም ቪዲዮ በመስቀለኛ ጥያቄ አልፏል፤ እሷ ራሷ ምስክር ሳጥን ውስጥ ቆማለች። ቃል ሁሉ፣ ከሰውም ይውጣ ከሽቦ፣ የሚለካው በአንድ ነገር ነው፤ ተጠየቅ ይባላል ወይስ አይባልም።

ከድሮው ሸንጎ አንድ ነገር ደግሞ ትዝ ይለኛል፤ ቁራኛ። ጉዳዩ ዳኛ ፊት እስኪደርስ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ማሰሪያ ተቆራኝተው ይከርሙ ነበር። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ለዛሬ ሰው አስቂኝም አስፈሪም ነው። ግን ክስ ለከሳሹም ዋጋ ነበረው፤ ሰው ያሳሰረ ራሱም ታስሯል፤ በሐሰት የከሰሰ የተከሳሹን ላብ እያሸተተ ይከርማል። ዛሬ ቁራኛው በቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠለቅ አምባር ሆኗል። በ1983 በኒው ሜክሲኮ አንድ ዳኛ ነው ያስጀመረው፤ ሐሳቡም የመጣለት ከስፓይደርማን የሥዕል ታሪክ ነው ይባላል። ከወኅኒ ይሻላል፤ ሰው ቤቱ ያድራል፣ ሥራ ይውላል። ሆኖም በሌላኛው ጫፍ የታሰረ የለም። ሳተላይት ነው ያለው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የአምባሩን ኪራይ የሚከፍለው አጥላቂው ነው፤ ባትሪው ቢያልቅ እንኳ ጥፋቱ የእሱ ነው።

በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ የቀረበበትን ማንኛውንም ማስረጃ የማየትና ምስክሮቹን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ምንጩና የተገኘበት መንገድ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። ኮምፒዩተር አላስፈለገም፤ ተጠየቅ የማይባል ምስክር በወረቀትም ይሠራል። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። የዚያን አንቀጽ ጠባይ ግን ማስታወስ ይገባል፤ ነገ በአልጎሪዝም ስም ሲመጣ ፊቱን ለይተን እንድናውቀው።

ለጊዜው ከአልጎሪዝም በፊት ካሜራው ደርሷል። በየሕንፃው፣ በየሱቁ፣ በየመንገዱ ተሰቅሏል፤ ምስሉ ሲዲ ላይ ተገልብጦ ከክሱ ጋር ይያያዛል። እኔ ጠበቃ ብሆን በምስሉ ጥግ ካለው ሰዓት እጀምር ነበር። 08:10 ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ነው፣ ወይስ የገጠመው ሰው በሐበሻ አቆጣጠር ሞልቶት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር? በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ ደንበኛዬ ሥራ ቦታ ፈርሞ ለመግባትና ለመውጣት ይበቃዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ከየት ነው የቀጠለው? ቀኑንስ ማን አስተካከለው? ይህን ሲዲው አይመልስም፣ ሲዲውን ያመጣው መርማሪም አያውቅም። ካሜራውን የሰቀለው ሰው ይጠራልኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።